የሙሉ ጊዜ ሥራ በሳምንት ስንት ሰዓት ነው?

«የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ለመባል በሳምንት ስንት ሰዓት መሥራት ይጠበቃል?» የሚለው ጥያቄ ከሠራተኞችም ከአሠሪዎችም በተደጋጋሚ ይቀርባል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለዚህ ጥያቄ በቀጥታ የሚሰጠው ቁጥር የለም። አዋጁ «የሙሉ ጊዜ ሥራ» ለሚለው ሐረግ ትርጓሜ አልሰጠም፤ ከዚህ ሰዓት በታች የሠራ ሰው የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ አይባልም የሚል ድንጋጌም አልያዘም። የደነገገው መደበኛ የሥራ ሰዓት ሊያልፈው የማይችለውን ጣሪያ ሲሆን፣ ይኸውም በቀን 8 ሰዓት ወይም በሳምንት 48 ሰዓት ነው።

ስለዚህ አንድ ሠራተኛ ሁለት ጥያቄዎችን ለይቶ ማየት ይኖርበታል። «የእኔ የሥራ ሰዓት ስንት ነው?» ለሚለው መልሱ የሚገኘው በሥራ ውሉ፣ በድርጅቱ የሥራ ደንብ ወይም በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ ነው። «ቢበዛ ስንት ሰዓት ሊያሠሩኝ ይችላሉ?» ለሚለው ግን መልሱን የሚሰጠው ሕጉ ነው፤ ይህንንም የውል ተዋዋዮች በስምምነት ከፍ ሊያደርጉት አይችሉም። በተግባር የሚያጋጥመው ችግር የሚመነጨው በአብዛኛው ሁለቱን ጥያቄዎች ከማደባለቅ ነው። አሠሪው «የቀጠርኩህ ለሙሉ ጊዜ ነው» ሲል ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ፣ ሳምንቱንም ሙሉ የመሥራት ግዴታ የገባ ይመስለዋል።

ነገሩን በቅርብ ለማየት በሃያ ሁለትና በቦሌ መድኃኔዓለም መካከል የሚገኘውን አትላስን እንውሰድ። አካባቢው ቢሮዎች፣ ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶችና የእንግዳ ማረፊያዎች ጎን ለጎን የሚገኙበት ነው። በአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሚገኝ ድርጅት የምትሠራ የሒሳብ ሠራተኛ ከሰኞ እስከ ዓርብ በድምሩ 40 ሰዓት ትሠራለች እንበል። ምድር ቤት ባለው ምግብ ቤት አስተናጋጁ በሳምንት ስድስት ቀን ገብቶ 54 ሰዓት ይሠራል። በር ላይ የቆመው ጥበቃ በቀን 12 ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን ይውላል ወይም ያድራል፤ ድምሩ 72 ሰዓት ይሆናል። ሦስቱም ሥራቸውን ሲጠየቁ «ሙሉ ጊዜ» ብለው ይመልሳሉ። የመጀመሪያዋ ከጣሪያው በታች ናት፤ ሁለተኛው ጣሪያውን በ6 ሰዓት አልፏል፤ ሦስተኛው ደግሞ የሚሠራው ሕጉ ከነትርፍ ሰዓቱ እንኳ ከሚፈቅደው በላይ ነው።

በዚያው አካባቢ ባለ የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ነው። ቀደም ሲል በሥራ ላይ የነበረው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መደበኛ የሥራ ሰዓትን በሳምንት ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተለመደው የሥራ ሰዓት የተቀረፀውም በዚሁ ልክ ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30 እና ከሰዓት በኋላ ከ7፡30 እስከ 11፡30 ሲሆን፣ ዓርብ ለጁምዓ ስግደት ሲባል ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 5፡30 እና ከ7፡30 እስከ 11፡30 ይሆናል። አራት ጊዜ 8 ሰዓት 32፣ የዓርብ 7 ሰዓት ሲጨመር 39 ይሆናል። ብዙ ሰው የሙሉ ጊዜ ሥራ ማለት 39 ወይም 40 ሰዓት ነው ብሎ የሚያስበው ይህን ልማድ ዐይቶ ነው። በግል ድርጅት ለተቀጠረ ሰው ግን የመንግሥት ሠራተኛው ሰዓት መለኪያ ሆኖ አያገለግልም። ከውጭ አገር የተመለሱ ወገኖችም አንዳንድ ጊዜ የለመዱትን ቁጥር ይዘው ይመጣሉ። በፈረንሳይ ሕጋዊው ሳምንት 35 ሰዓት ነው፤ በአሜሪካ በፌዴራሉ ሕግ የተሸፈነ ሠራተኛ ከ40 ሰዓት በላይ ሲሠራ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይጀምርለታል። የእኛው 48 ሰዓት ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1919 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባወጣው የመጀመሪያ ስምምነቱ ለኢንዱስትሪ ሠራተኞች ካስቀመጠው ልክ ጋር አንድ ነው።

የሚቆጠረው ሰዓት የትኛው ነው?

በአዋጁ አገላለጽ መደበኛ የሥራ ሰዓት ማለት ሠራተኛው ሥራውን እያከናወነ የሚያሳልፈው ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበትም ጊዜ ይጨመራል። ይህ ነጥብ በሆቴልና በጥበቃ ሥራ ላይ ለተሰማሩ ሰዎች ትልቅ ትርጉም አለው። አስተናጋጅ ደንበኛ እስኪመጣ የቆመበት ሰዓት፣ ጥበቃ በሩ ላይ የተቀመጠበት ሰዓት፣ ሾፌር ተረኛ ሆኖ በመኪናው ውስጥ የሚጠብቅበት ሰዓት ሁሉ የሥራ ሰዓት ነው። «ተቀምጠህ ነው የዋልከው» የሚለው አነጋገር በሕግ ፊት ዋጋ የለውም። በአንጻሩ ሠራተኛው ከሥራ ቦታው ወጥቶ በነጻነት ምሳውን የሚበላበት የዕረፍት ሰዓት አይቆጠርም። ምሳውን የሚበላው ባንኮኒው አጠገብ ሆኖ፣ ደንበኛ ሲመጣ ሳህኑን አስቀምጦ እየተነሣ ከሆነ ግን ያ ሰዓት ዕረፍት ነው ለማለት ያስቸግራል።

የሳምንቱ ሰዓት ለሥራ ቀናቱ እኩል እንዲከፋፈል አዋጁ ያዛል። የሥራው ጠባይ ሲያስገድድ ግን የአንዱን ቀን ሰዓት አሳጥሮ ልዩነቱን በሌሎቹ ቀናት ላይ ማከፋፈል ይቻላል፤ ይህም ሲሆን በቀን ከ8 ሰዓት በላይ የሚጨመረው ከ2 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚዘጉ ድርጅቶች በሌሎች ቀናት ትንሽ ማስረዘም የሚችሉት በዚህ መሠረት ነው። ሥራው በየሳምንቱ እኩል ሊደለደል በማይችልበት ሁኔታ ደግሞ ከአንድ ሳምንት በሚረዝም ጊዜ አማካዩን ማስላት ተፈቅዷል፤ አማካዩ ግን በቀን ከ8 ወይም በሳምንት ከ48 ሰዓት ማለፍ የለበትም። በ24 ሰዓት ሠርቶ 24 ሰዓት የሚያርፍ ጥበቃ በአማካይ በሳምንት 84 ሰዓት ይሠራል። ይህን አሠራር በአማካይ ስሌት ትክክለኛ ማድረግ አይቻልም።

ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት እስከ 18 ዓመት ለሆኑ ወጣት ሠራተኞች የቀኑ ጣሪያ 7 ሰዓት ነው። ወጣት ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በትርፍ ሰዓት፣ በሳምንት የዕረፍት ቀንና በሕዝብ በዓላት ቀን ማሠራት የተከለከለ ነው። ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ከነአካቴው ክልክል ነው።

ቋሚ ሠራተኛና የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ

በአነጋገራችን «ቋሚ» እና «ሙሉ ጊዜ» እንደ አንድ ነገር ይወሰዳሉ። በሕግ ግን አንዱ የውሉን ዕድሜ፣ ሌላው የሰዓቱን ብዛት የሚመለከት ነው። በአዋጁ መሠረት ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ መዋዋል የሚቻለው አዋጁ ዘርዝሮ ባስቀመጣቸው ሁኔታዎች ብቻ ነው። ለምሳሌ በጊዜያዊነት የተለየን ሠራተኛ ለመተካት፣ ለወቅታዊ ሥራ፣ ወይም ከወትሮው የበዛ የሥራ ጫና ሲያጋጥም ነው። በቀን 4 ሰዓት ብቻ መሥራት ከእነዚህ ሁኔታዎች ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ለ4 ሰዓት ቢሮ የምታጸዳ ሠራተኛ ሥራው የዘወትር እስከሆነ ድረስ ሰዓቷ በማነሱ ብቻ ጊዜያዊ ሠራተኛ አትሆንም፤ ውሏም በፈለጉት ሰዓት የሚቋረጥ አይሆንም።

የዓመት ዕረፍትም እንዲሁ ነው። ለመጀመሪያው አንድ ዓመት አገልግሎት ከ16 የሥራ ቀናት የማያንስ ዕረፍት ከክፍያ ጋር ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አንድ የሥራ ቀን ይጨመራል። ድንጋጌው የሚናገረው ስለ «ሠራተኛ» ነው፤ በሳምንት ይህን ያህል ሰዓት የሠራ ብቻ የሚል ቅድመ ሁኔታ አላስቀመጠም። «አንተ ፓርት ታይም ስለሆንክ ፈቃድ የለህም» የሚል መልስ የተሰጠው ሠራተኛ መልሱ የተመሠረተበትን አንቀጽ መጠየቅ ይገባዋል።

አንዳንድ ጊዜ ችግሩ ከዚህ በተቃራኒ ይመጣል። ለ48 ሰዓት የተቀጠረ ሠራተኛ ገበያ ስለቀዘቀዘ ወይም መብራት ስለጠፋ «ዛሬ ግባ» እየተባለ ወደ ቤቱ ይሰደድና ደመወዙ በዚያው ልክ ይቆረጥበታል። ደመወዝ በመርሕ ደረጃ የሚከፈለው ለተሠራ ሥራ ነው። ሆኖም ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ሳለ የመሥሪያ መሣሪያ ወይም ጥሬ ዕቃ ባለመቅረቡ፣ ወይም ሠራተኛው በማይጠየቅበት ሌላ ምክንያት ሳይሠራ ከቀረ ደመወዙን የማግኘት መብት አለው። በውል የተወሰነን የሥራ ሰዓት በዘላቂነት ለመቀነስም የአሠሪው የብቻ ውሳኔ አይበቃም።

የሥራ ውል በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው ውሉ በተደረገ በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ዋና ዋና ሁኔታዎች የያዘና የተፈረመበት ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ጽሑፍ አለመኖሩ ሠራተኛውን መብቱን አያሳጣውም። በቦሌ አካባቢ ለሚዋዋሉ ሰዎች አንድ ትንሽ ነገር ማስታወስ ተገቢ ነው፤ በእንግሊዝኛ በተጻፈ ውል ላይ «8፡00» የሚለው በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ነው። የመግቢያና የመውጫ ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ከመፈረም በፊት ማረጋገጥ በኋላ ከሚመጣ ክርክር ያድናል።

ከጣሪያው በላይ የተሠራ ሰዓት

የትርፍ ሰዓት ሥራ አሠሪው በፈለገ ጊዜ የሚያዘው አይደለም። የሚፈቀደው አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ ሲያጋጥም፣ በአስቸኳይ መሠራት ያለበት ሥራ ሲኖር፣ ወይም ሳይቋረጥ መሠራት ባለበት ሥራ ላይ የተመደበ ሠራተኛ ሲቀርና መተካት ሲያስፈልግ ነው። ይህም ሆኖ በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ሊበልጥ አይችልም። 48 እና 12 ሲደመሩ 60 ስለሚሆኑ፣ ከላይ የጠቀስነው የጥበቃው 72 ሰዓት የትርፍ ሰዓት ቢከፈለው እንኳ ሕጋዊ ሊሆን አይችልም። ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜም ሆነ በትርፍ ሰዓት ማሠራት የተከለከለ ነው።

ክፍያው በመደበኛው የሰዓት ደመወዝ ላይ ተመሥርቶ እንደሚከተለው ይታሰባል፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራ የትርፍ ሰዓት በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለተሠራ በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ቀደም ሲል በሥራ ላይ በነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 የመጀመሪያዎቹ ሁለት ተመኖች 1.25 እና 1.5 ነበሩ፤ አንዳንድ ድርጅቶች እስካሁን በእነዚህ ተመኖች ስለሚያሰሉ የክፍያ ወረቀትን መርምሮ ማየት ያስፈልጋል።

ስሌቱን በአስተናጋጁ ምሳሌ እንመልከት። የወር ደመወዙ 6,240 ብር ነው እንበል። በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ ሰው በወር በአማካይ 208 ሰዓት ይሠራል (48 በ52 ሳምንታት ተባዝቶ ለ12 ወራት ሲካፈል)፤ ስለዚህ የአንድ ሰዓት ደመወዙ 30 ብር ይሆናል። ከቀኑ 8 ሰዓት ገብቶ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይወጣል፤ በመሃል የ1 ሰዓት የራት ዕረፍት አለው። በቀን የሚሠራው 9 ሰዓት ሲሆን፣ ዘጠነኛው ሰዓት የሚውለው ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ስለሆነ የሚከፈለው በ1.75 ተባዝቶ 52 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። በስድስት ቀን 315 ብር፣ በ26 ሳምንታት ደግሞ 8,190 ብር ይደርሳል፤ ይህም ከአንድ ወር ደመወዙ በላይ ነው። በየዕለቱ «አንድ ሰዓት ብቻ» እየተባለ የሚታለፈው ገንዘብ ይህን ያህል ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። አንደኛው፣ የትርፍ ሰዓት ሥራ የሚባለው በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ የተሠራው ነው። ሠራተኛው በራሱ ፈቃድ ከሥራ ቦታ ሳይወጣ በመቅረቱ ክፍያ ሊጠይቅ አይችልም። በግድግዳ ላይ የተለጠፈ የሺፍት ፕሮግራም ወይም ከተቆጣጣሪ የተላከ የጽሑፍ መልእክት ትእዛዙን ለማስረዳት ይጠቅማል። ሁለተኛው የ40 ሰዓት ውል ያላቸውን ሠራተኞች ይመለከታል። አዋጁ በ48 ሰዓት ጣሪያ ውስጥ የተሠራን ሥራ እንደ ትርፍ ሰዓት አይቆጥረውም። በመሆኑም ከ40 እስከ 48 ባሉት ሰዓታት ላይ የሚነሣው ጥያቄ በመጀመሪያ ደረጃ የሚታየው በውሉና በኅብረት ስምምነቱ መሠረት ነው። የሠራተኛ ማኅበር ያላቸው ድርጅቶች በኅብረት ስምምነት ይህን ክፍተት ግልጽ ማድረግ ይችላሉ፤ ቢያደርጉትም ይመረጣል።

ሠራተኛው በየሳምንቱ ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ ዕረፍት የማግኘት መብት አለው። የዕረፍቱ ቀን በመርሕ ደረጃ እሑድ ነው፤ በሆቴልና በመሳሰሉት የአገልግሎት ሥራዎች ግን በሌላ ቀን ሊተካ ይችላል። ቀኑ ይለወጣል እንጂ ዕረፍቱ አይቀርም።

አዋጁ የማይመለከታቸው

የሥራ መሪዎች፣ የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞች፣ የመከላከያና የፖሊስ አባላት፣ ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ፣ እንዲሁም በራሳቸው የንግድ ኃላፊነት ወይም የሙያ ተጠያቂነት በክፍያ የሚሠሩ ሰዎች በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። ሆኖም «ሱፐርቫይዘር» ወይም «ኃላፊ» የሚል መጠሪያ መስጠት ብቻውን አንድን ሰው የሥራ መሪ አያደርገውም። መታየት ያለበት የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድና የማሰናበት ሥልጣን በእርግጥ ያለው መሆኑ ነው። የአዳራሹን አስተናጋጆች ተራ የሚያወጣ፣ ነገር ግን ማንንም የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን የሌለው ካፖ ሠራተኛ ነው፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያም ይገባዋል።

በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ የቤት ሠራተኞችም በአዋጁ አልተካተቱም። የሥራ ሁኔታቸው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን አዋጁ አመልክቷል፤ ግንኙነታቸው የሚታየው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በመሆኑም 48 ሰዓት የሚለው ጣሪያ በቀጥታ አይጠብቃቸውም፤ ከሠራተኞች ሁሉ ሰዓታቸው በረጅሙ የተዘረጋው እነዚህ መሆናቸው ሲታሰብ ይህ ቀላል ክፍተት አይደለም። የቤት ሠራተኛ የሚቀጥሩ ዜጎች የሥራና የዕረፍት ሰዓቱን በጽሑፍ ወስነው እንዲዋዋሉ ይመከራል። ይሁንና የእንግዳ ማረፊያን ወይም የፔንሲዮንን ክፍሎች የምታጸዳ ሠራተኛ የቤት ሠራተኛ አይደለችም፤ የንግድ ድርጅት ሠራተኛ በመሆኗ አዋጁ ሙሉ በሙሉ ይመለከታታል።

አቤቱታ ለማቅረብ

በአትላስና በአካባቢው የሚሠሩ ሰዎች አስቀድመው ወደ ቦሌ ክፍለ ከተማ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት መቅረብ ይችላሉ። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ወደ ድርጅቱ ገብቶ የሥራ ሰዓትን፣ የዕረፍት ቀንንና የክፍያ መዝገብን የመመርመር ሥልጣን አለው። አሠሪው የሠራተኞችን የዕረፍት ቀን፣ ፈቃድና ክፍያ የሚያሳይ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ስላለበት «መዝገብ የለንም» የሚለው መልስ ራሱ ጥፋትን ያመለክታል። ያልተከፈለ ገንዘብን ለማስከፈል ግን ክሱ የሚቀርበው ለፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ ሠራተኛው ለዚህ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።

ሲቀርቡ የሥራ ውልዎን ወይም የቅጥር ደብዳቤዎን፣ የክፍያ ወረቀት ወይም ደመወዝዎ የገባበትን የባንክ መግለጫ፣ የሺፍት ፕሮግራሙን ፎቶግራፍ፣ እንዲሁም የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት በየዕለቱ የመዘገቡበትን ማስታወሻ ይያዙ። የሥራ ልምድ ማስረጃ ካስፈለገዎት ሥራ ላይ እያሉም ቢሆን መጠየቅ ይችላሉ፤ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት።

ደመወዝን፣ የትርፍ ሰዓትንና ሌሎች ክፍያዎችን የሚመለከት ጥያቄ በይርጋ የሚታገደው ክፍያው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ ነው። ጊዜው ለእያንዳንዱ ክፍያ ለየብቻው ስለሚቆጠር፣ ለሁለት ዓመት ዝም ብሎ የሠራ ሰው በአብዛኛው ሊጠይቅ የሚችለው የመጨረሻዎቹን ስድስት ወራት ብቻ ነው። ይርጋው የሚቋረጠው ጉዳዩ አዋጁን ለሚያስፈጽመው አካል ወይም ለፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ ወይም አሠሪው ዕዳ እንዳለበት በግልጽ ሲያምን ነው። «ቆይ እናስተካክልልሃለን» የሚል የቃል ተስፋ በኋላ ለማስረዳት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ መልስ ሲሰጥዎት በዚያው ሳምንት በጽሑፍ እንዲረጋገጥልዎት ይጠይቁ፤ ካልተረጋገጠልዎት አቤቱታዎን ለጽሕፈት ቤቱ አስገብተው ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይቀበሉ።